ድንጋይ የሚያደማው ውሃ

ድንጋይ ሲደማ አይቻለሁ። ሰው እንዲያምነኝ ብዬ አንዲት ቃል አልጨምርም፤ በእነዚህ በሁለት ዓይኖቼ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከወለቃ ወንዝ ማዶ ባለው ቋጥኝ ላይ ነው ያየሁት።

ወሩ ኅዳር ነበር። ጣሊያን ጎንደር ከገባ ክረምቶች አልፈዋል። እኛ የወለቃ ቤተ እስራኤል ሴቶች ልጆች ለእናቶቻችን የሸክላ አፈር ልንቆፍር ወርደናል። ቀና ስንል አንድ ፈረንጅ ቋጥኙ ላይ ተንበርክኳል። ቂጡ ወደ ሰማይ፣ አፍንጫው ወደ ድንጋዩ። አጠገቡ ጠመንጃ ያነገበ፣ የቆዳ ቦርሳ የተሸከመ ጎልማሳ ቆሟል።

«ድንጋዩን እየሳመው ነው!» አለች አንዷ። ሳቃችንን በመዳፋችን አፍነን ተጠጋን።

ፈረንጁ ከቦርሳው ትንሽ ብልቃጥ አወጣ። ቡሹን ነቀለና በቀጭን የመስታወት ዘንግ ጠብታ ቀድቶ ድንጋዩ ላይ ከተለጠፈው ቢጫ ነገር ላይ አሳረፈ። ውሃው እንደ ውሃ ነበር፣ ምንም ቀለም የለውም። ቢጫው ግን መጀመሪያ ጠቆር አለ፣ ቀጥሎ ደፈረሰ፣ ከዚያ ቀልቶ ቁጭ! የታረደ ዶሮ ደም ነው የሚመስለው።

«ደም!» ብለው ጓደኞቼ ዶማውንም አፈሩንም ጥለው ሽቅብ በረሩ። እኔም መብረር አማረኝ፤ እግሬ ግን እንቢ አለኝ። ያቆመኝ ፍርሃት ይሁን ደስታ እስካሁን ለይቼ አላውቀውም።

ፈረንጁ አየኝና በጣቱ እያሳየኝ «ሮሶ! ሮሶ!» ብሎ ጮኸ።

«ቀይ ነው ይልሻል» አለኝ ጠመንጃ ያዡ እያዛጋ። «ዕውር መስለሽው ነው መሰለኝ።»

ይህ ሰው በላቸው ይባላል። ከጎንደር ፒያሳ የመጣ አስተርጓሚ ነው፤ ሹመት እየጠበቀ ጣሊያንን የሚያገለግል። ፈረንጁን ሁሉም ዶቶሬ ይለዋል። የድንጋይና የዛፍ ሐኪም ነው አሉ።

በላቸው ከላይ እስከ ታች ተመለከተኝ። «የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

«የአያ ሀዳነ።»

«የቀጥቃጩ?» ማዛጋቱን አቆመ። «አባትሽ ታዲያ የት አለ?»

«ቋራ ሄዷል። ማረሻ ሊሠራ።»

እማየ እንዲህ በይ ብላኛለች፤ እኔም እውነት ነው የመሰለኝ። በላቸው ትክ ብሎ አየኝ። በድፍረቴ ተደንቆ ነው ብዬ አንገቴን ቀና አደረግሁ። ሞኝነቴ!

ዶቶሬው አጉሊ መነጽሩን ሊያቀብለኝ እጁን ሲዘረጋ ወደ ኋላ ዘለልኩ።

«አይነኩም» አለው በላቸው። በፈረንጅኛ ካስረዳው በኋላ ደግሞ ለእኔ ተረጎመልኝ። «ከነካሃት ወንዝ ወርዳ ሳትታጠብ፣ ፀሐይም ሳትጠልቅ ቤቷ አትገባም አልኩት። አልዋሸሁም አይደል?»

አልዋሸም። ሕጋችን ነበር። ዶቶሬው ጢሙን አከከ፤ መነጽሩን ድንጋዩ ላይ አስቀምጦ እንደ መሸሽ ብሎ ቆመልኝ። አንስቼ አየሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልማዳችን ይኸው ሆነ፤ እሱ ያስቀምጣል፣ እኔ አነሳለሁ፤ እኔ አስቀምጣለሁ፣ እሱ ያነሳል።

በዚያ መነጽር ያየሁትን ምን ብዬ ልንገራችሁ! እኛ የድንጋይ ሽበት ብለን በአንድ ስም የምንጠራው፣ ረግጠነው የምናልፈው፣ ለካ አገር ነው። አንዱ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ግራጫ ሆኗል። አንዱ ጠርዙ እንደ ጎመን ቅጠል ተቆልሏል። ዶቶሬው ሊኬኔ ይለዋል። እሱ የሚፈልገው ግን ቢጫውን ነው፤ ቢጫ ሁሉ ደግሞ ቢጫ አይደለም። አንዱ እንደ ፈሰሰ ዱቄት ዝም ብሎ የተበተነ ነው፤ ብልቃጡን ቢገለብጥበት አይደማም። ሌላው መሐሉ ላይ ትንንሽ ዋንጫ የሚመስሉ ነገሮች አሉት፤ ይደማል፣ ግን ያ አይደለም። የሚፈለገው ጠርዙ እንደ ሕፃን ጣት ተዘርግቶ ድንጋዩን ጭምድድ አድርጎ የያዘ፣ መሐሉ ዋንጫ የሌለው፣ እንደ ጤፍ ዱቄት ያለ ነገር የተነሰነሰበት፣ ጠብታውም ሲነካው ወዲያው የሚቀላ ነው።

«መልኩን ብቻ አይቶ አይፈርድም ይላል» አለኝ በላቸው። «ውሃውን ሳያጠጣው አያምነውም። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ነው ስጠብቅ የምውለው።»

አብሬያቸው ቋጥኝ ለቋጥኝ ዞርኩ። መልኩ ሲገጥም ደሙ እንቢ ይላል፤ ደሙ ሲመጣ መልኩ ይከዳናል። ዶቶሬው ግንባሩን በመሐረብ ጠርጎ ደግሞ ይንበረከካል። እኔ ዓይኔ ፈጠነ። «ዶቶሬ! ይኸው ጣት ያለው!» ስል እየሮጠ ይመጣል። «ብራቫ!» ይለኛል። ብራቫ ማለት ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ በደስታ ፈንድቼ ልሞት ደርሼ ነበር።

ግን እኔን ከዶቶሬው ኋላ ያስሮጠኝ ጨዋታው ብቻ አልነበረም። ልቤ ውስጥ ትልቅ ጉዳይ ነበረኝ፤ የአክስቴ ጉዳይ።

በመንደራችን ዳርቻ የመርገም ጎጆ አለ። ሴት የወር አበባዋ ሲመጣ ሰባቱን ቀን እዚያ ትቀመጣለች። ጎጆውን ድንጋይ ዙሪያውን ከቦታል፤ ውጭ ያለው ድንጋዩን አያልፍም፣ ውስጥ ያለችውም እንዲሁ። ምግብ ድንጋዩ ላይ ይቀመጥላታል፣ ወጥታ ትወስዳለች። ሰባቱ ቀን ሲሞላ ወንዝ ወርዳ፣ ታጥባ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ቤቷ ትገባለች። ወንድ በዚያ ዝር አይልም። ድንጋዮቹን የደረደሩት የአያቶቻችን እናቶች ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ያነቃነቃቸው የለም።

የአባቴ እህት፣ እትየ ሸዋረግ፣ እንደ ሌላው ሴት ገባች። ሰባቱ ቀን ሞላ፤ አልወጣችም። ወሩ አለቀ፤ አልወጣችም። ሴቶቹ ከገደሉ በታች ሌላ ጎጆ ቀለሱና አሮጌውን ለእሷ ብቻ ተዉላት።

«ታማለች» አለችኝ እማየ። «ብቻዋን ትረፍበት።»

ምግብ የማደርስላት እኔ ነበርኩ። ይህን ያህል የምትበላ በሽተኛ አይቼ አላውቅም! እማየ ሞልታ የምትሰጠኝን፣ ክንዴ እስኪዝል የተሸከምኩትን ድስት፣ እትየ ሸዋረግ ጠርጋ ትመልሰዋለች። አንድ ቀን ደግሞ እማየ ከቄስ ባሩክ ጋር በለሆሳስ ሲያወሩ ሰማሁ። ቄስ ባሩክ የመንደሩ ካህን ናቸው፤ ሳቅ የሚቀናቸው ሽማግሌ፣ በዚያ ሰሞን ግን ጥርሳቸውን ያየ የለም።

«ትኩሳቷስ?»

«ዛሬ በረድ ብሏል፣ አባ።»

«ደሙስ?»

«ይቆምና ደግሞ ይመጣል።»

ቄስ ባሩክ ራቅ ብለው ፊታቸውን ወደ ጎጆው አዙረው ቆሙና ጸለዩ። ጢማቸው ላይ እንባ አየሁ። እኔም ነገሩ ገባኝ፤ እትየ ሸዋረግ ደሟ አልቆም ብሎ ልትሞት ነው።

አሁን፣ ፀጉሬ ከዶቶሬው ድንጋዮች በላይ ከሸበተ በኋላ፣ እውነቱን እዚሁ ልንገራችሁ፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ሳታውቁ እንድትሰሙት አልፈልግም። እትየ ሸዋረግ ጤነኛ ነበረች። ጎጆው ውስጥ የተኛው አባቴ ነው። አባቴ ለአርበኞች ጠመንጃ ይጠግን ነበር። ወታደሮች ወናፉ ስር ሊይዙት መጡ፤ ሲሮጥ ጭኑን በጥይት መቱት። እህቱ ጎትታ፣ መንደሩ ከተቆረቆረ ወዲህ ወንድ ተሻግሮት የማያውቀውን ድንጋይ አሻግራ አስገባችው። ቁስሉ አመርቅዞ ወራት አስተኛው። የወለቃ ሴት ሁሉ ያውቅ ነበር፤ አንዲቷም ትንፍሽ አላለችም። ካገኙት ገበያ መሐል ይሰቅሉታል፤ ያኔ እንዲያ ነበር። በላቸው ደግሞ ቦርሳ የሚሸከመው ለሽበት ፍቅር ብሎ አልነበረም። የሚፈልገው ቀጥቃጩን ነው። እማየ ከእነሱ ጋር ስዞር እያየች ልትከለክለኝ አልደፈረችም፤ መከልከሏ ራሱ ይጠረጠራል። ፈገግ ብላ ትሸኘኝ ነበር። ያቺ ፈገግታ ምን እንዳስከፈለቻት የገባኝ የራሴን ልጆች ካሳደግሁ በኋላ ነው።

እኔ ግን በዚያን ጊዜ ፈላስፋ ሆኛለሁ። እንዲህ አሰብኩ። ሴቶች በዚያ ጎጆ ስንት ዘመን ደማቸውን አፍስሰዋል። ያን ሁሉ ደም የጠጡት እነማን ናቸው? ድንጋዮቹ! ጠጥተው ጠጥተው ጠግበዋል፤ ከእንግዲህ አይቀበሉም፤ የእትየ ሸዋረግ ደም የማይቆመው ለዚህ ነው። ደምን ከድንጋይ የሚያወጣ ውሃ ያለው ደግሞ ማን ነው? ዶቶሬ! ዙሪያውን አንጠባጥቦ ድንጋዮቹን ካደማቸው አክስቴ ትድናለች። እንዲህ ሸጋ ሐሳብ በመንደሩ ካለ ትልቅ ሰው ሁሉ ለእኔ ብቻ በመምጣቱ ኩራቴን አልቻልኩትም።

በማግሥቱ የዶቶሬው ማኪና ገና ከመንገዱ ዳር ስትቆም ደርሼ ተገተርኩ።

«ዶቶሬ! ሸጋ ድንጋይ አውቃለሁ! ጣት አለው፣ ዱቄት አለው፣ ዋንጫ የለውም! ማንም ነክቶት አያውቅም!»

አልዋሸሁም። ምግብ ሳደርስ በዓይኔ መርምሬዋለሁ። የትኛውም ቋጥኝ ላይ እንደዚያ ተንዠርግጎ ያደገ ሽበት አልነበረም፤ አንዳንዱ ከሰው መዳፍ ይበልጣል።

በላቸው ሲተረጉምለት የዶቶሬው ዓይን በራ። «አንዲያሞ!» አለ፤ እንሂድ ማለቱ ነው። እኔ ከፊት፣ እሱ እየተጣደፈ ከኋላዬ፣ በላቸው እየተጎተተ መጨረሻ። ሸክላ የሚተኮስበትን ጉድጓድ አለፍን። እማየ ደጃፏ ላይ የገንቦ አንገት እያለሳለሰች ነበር። ወዴት እንደዞርን ስታይ ገንቦው ከእጇ ወድቆ ተጨፈለቀ። እየሮጠች መጣች፤ አጠገባችን ስትደርስ ግን እርምጃዋን አዘገየች።

«ጥሩ፣ ልጀ፣ ወዴት ነው?» ብላ በስሜ ጠራችኝ።

«እትየ ሸዋረግን ላድናት!»

ፊቷ እንደ አመድ ሆነ። ወደ በላቸው ዞረች። «ጌታየ፣ ያ የሴቶች ጎጆ ነው። ወንድ አይቀርበውም፤ ነውር ነው።»

«ዶቶሬው ድንጋይ እንጂ ሴት አያይም» አለ በላቸው። «ለዚህ እኔ ምስክር ነኝ።»

ዶቶሬው ድንጋዮቹን ከሩቅ አየና ባርኔጣውን ጣለ። «ማዶና!» ብሎ እመቤታችንን ጠርቶ በደረቱ ተዘረጋ። ከድንጋዩ ወዲህ ሆኖ መነጽሩን ተከለ። ጠርዙን አየ፣ መሐሉን አየ፤ ዱቄቱን በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ ተመለከተው። መልኩ ገጥሟል! የቀረው ደሙ ነው። እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ብልቃጡን ጠየቀ። በላቸው ከቦርሳው አውጥቶ ሊያቀብለው ሲል ከጎጆው ውስጥ ሳል ተሰማ።

ከሆድ የሚወጣ፣ ጎርናና፣ የወናፍ ጢስ የጠገበ ሳል። አክስቴ ልክ እንደ አባየ ማሳል ጀምራለች፤ በሽታው ጠናባት ማለት ነው ብዬ አዘንኩ።

በላቸው ባለበት ደረቀ። «ሴት እንዲህ አታስልም።»

«ደረቷን ነው የሚያማት፣ ጌታየ» አለች እማየ።

«ማነህ?» አለ በላቸው ወደ ጎጆው። ብልቃጡን በግራ እጁ እንደያዘ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። «ውጣ! ማነህ?»

እግሩን አነሳ፤ ድንጋዩን ሊሻገር ነው። እማየ ደነገጠች። እኔም ደነገጥኩ፤ የእኔ ድንጋጤ ግን ሌላ ነበር።

«ኧረ ሽበቱን እንዳትረግጠው!» ብዬ ጮህኩ።

ያን ጊዜ የጎጆው በር ተከፈተ። እትየ ሸዋረግ ፀጉሯን ለቅቃ፣ ትልቅ ማሰሮ በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። ማንንም እንዳላየች ሆና፣ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ሁሉ፣ የማጠቢያውን ውሃ ቸለሰችው። ውሃው በላቸውን ካነሳው እግሩ ጀምሮ እስከ ጉልበቱ አራሰው፤ የቀረው ድንጋዮቹ ላይ ፈሰሰ።

ድንጋዮቹም ደሙ። አንዱ ቀላ፣ ቀጥሎ ያለው ቀላ፣ ከዚያ ማዶ ያለው ቀላ። ወናፍ ሲነፋበት ፍሙ ከአንዱ ወደ አንዱ እንደሚያያዝ፣ ውሃው የነካው ቢጫ ሁሉ ቀልቶ ታየ። እኔ እልል አልኩ! እውነቴን ነው፣ እልል አልኩ፤ የአክስቴ ደም ከድንጋዩ እየወጣ ነበራ!

በላቸው በወንዙ ዳር ስንት ድንጋይ ሲደማ እያየ ያዛጋ ሰው ነው። ያ ግን የብልቃጡ ሥራ ነበር። አሁን ብልቃጡን አየው። እጁ ላይ ነው፤ ቡሹ አልተነቀለም። ድንጋዩን አየ። እርጥብ እግሩን አየ።

«ምነው ጌታው» አለች እትየ ሸዋረግ በለስላሳ ድምፅ፣ «የመርገም ውሃ በሚደፋበት ምን አመጣህ? አየህ፣ ድንጋዩን እንዲህ ያደርገዋል። ሥጋን እንዴት እንደሚያደርገው እንጃ፤ እስካሁን ወንድ ነክቶት አያውቅም።»

በላቸው ሱሪውን ሰብስቦ ቅልጥሙን ተመለከተ። የሚቀላበትን ሰዓት እየጠበቀ ነበር። ትንሽ ጠበቀ፤ ከዚያ በላይ አልቻለም። ብልቃጡን ዶቶሬው ጀርባ ላይ ወርውሮ፣ ቦርሳውን ጥሎ፣ በማርያም ስም እየተማጸነ ወደ ወንዙ ወረደ። ውሃው ውስጥ ከነጫማው ሲንቦጫረቅ ይሰማን ነበር። ቀጥሎ ጠበል ሊጠመቅ ወደ ከተማ እንደገሰገሰ ሰማን።

ዶቶሬውስ? ዶቶሬው ይዘላል! «ሮሶ! ሮሶ! ሮሶ!» እያለ በድንጋዩ ዙሪያ ጨፈረ። የሚቆጣጠረው ጠፍቶ፣ እኔም አብሬው ጨፈርኩ። ድንጋዩ ላይ የቀረውን ውሃ አሸተተ፤ በመዶሻ አንድ ስባሪ ፈልጦ፣ እንደ ሕፃን በባርኔጣው አቅፎ ሄደ። የጎጆው በር ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ቢሆን የአባቴን እግር ያይ ነበር። ይህን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ሰውየው ሐኪምም ይሁን ጣሊያን፣ ከድንጋይ ቀና ብሎ የሚያውቅ አልነበረም። ከመሄዱ በፊት አጉሊ መነጽሩን ድንጋዩ ላይ አስቀምጦ፣ እንደ ልማዳችን ወደ ኋላ ሸሸት አለ። እኔም አነሳሁት፤ እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር አለ።

እማየ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሳቋና ለቅሶዋ ተደባልቆ ትንፋሿ እስኪቆራረጥ ድረስ ተንሰቀሰቀች። አክስቴ ስለዳነች ነው ብዬ አጽናናኋት።

ወሬው ፒያሳ ሲደርስ አብጦ ነበር። የወለቃ ድንጋይ ደም ይተፋል፤ አስተርጓሚውን ግማሽ አካሉን አጥቦታል፤ ጠመንጃው ዝጓል። ስለ እኛ ድሮም ብዙ ይወራ ነበር፤ ያ ወሬ ስንት ጊዜ ጎድቶናል፤ ያን ጊዜ ግን ቀጥ ብሎ ዘበኛ ሆኖ ቆመልን። ከዚያ በኋላ ባንዳም ወታደርም ጎጆውን በሩቁ ዞሮት አለፈ።

ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ጎንደር ውስጥ የሳይንስ መምህርት ሆኜ፣ ከዚያው ድንጋይ ያነሳሁትን ሽበት ለተማሪዎቼ አሳየሁ። ላቦራቶሪው ውስጥ ካለው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አንድ ጠብታ ጣልኩበት። ቀላ፤ ተማሪዎቹ ጮኹ። ቢጫው ቀለም ብርቱ አልካሊ ሲያገኘው እንዲህ ነው የሚሆነው። እትየ ሸዋረግ ደግሞ የአባቴን የቁስል መጠቅለያ የምታጥበው ወፍራም የአመድ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ ነበር፤ ሳሙና ከየት ይምጣ? የአመድ ውሃም አልካሊ ነው። ነገሩ ሲገባኝ ጠመኔውን ጥዬ ከትምህርት ቤቱ ወጣሁና አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። አርጅታለች፤ ጆሮዋ ግን ይሰማል።

«እትየ፣ እንደሚቀላ ታውቂ ነበር?»

«ጎጆው የገባች ሴት ሁሉ ታውቃለች» አለችኝ። «ሁልጊዜ እዚያው አይደል የምንደፋው? ለወንድ የሚነገር ነገር መስሎሽ ነው?»

አሁን ወደ ልጅነቴ ልመለስ፤ የቀረኝ አንድ ቀን ነው።

ታኅሣሥ ላይ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስታዘቀዝቅ፣ የመንደሩ ሴቶች እየተጠራሩ ወደ ወንዙ ወረዱ። እትየ ሸዋረግ ከጎጆው ወጣች! ልሮጥ ስል እማየ ቀሚሴን ያዘችኝ፤ ገና አልታጠበችም። አክስቴን የተደገፈች አንዲት ሴት ከኋላ ተከተለች። ነጭ ጋቢ ከራስ ጸጉሯ እስከ እግሯ ተከናንባለች፤ ታነክሳለች። እንደዚያ ያለች ረጅም ሴት አይቼ አላውቅም።

«ማን ናት?»

«ከደምቢያ የመጣች ዘመድ ናት» አለች እማየ።

ረጅሟ ሴት አጠገቤ ስትደርስ ቆመች። ከጋቢው ውስጥ እጅ ወጣ፤ ሰፊ እጅ። ወደ ራሴ መጣና፣ ሊነካኝ ትንሽ ሲቀረው፣ አየር ላይ ቆመ። እኔ ሕግ አውቃለሁ፤ በደንብ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ዘወር ብዬ መንገድ ለቀቅሁላት፤ አስተዳደጌን እንድታይልኝም ቀና ብዬ ቆምኩ። እጁ ትንሽ እዚያው ቆይቶ ወደ ጋቢው ተመለሰ።

ወንዙ ዳር ሴቶቹ በሙሉ ጀርባቸውን ሰጥተው ተደርድረው ቆሙ፤ እኔንም አዞሩኝ። ቄስ ባሩክ ከሩቅ ሆነው ሲጸልዩ ይሰማል። ፀሐይዋ ጠለቀች።

ጨለም ሲል በራችን ተንኳኳ። አባየ! አባየ ከቋራ መጣ! ተንደርድሬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል። አንስቶ አቀፈኝ፤ በጣም አጥብቆ ነው ያቀፈኝ፣ ጎኔን እስኪያመኝ። ሲነጋጋ ወደ አርማጭሆ፣ ወደ አርበኞቹ እንደሚሄድ፣ ጣሊያን እስኪወጣም እንደማላየው አላወቅሁም። ነፃነት ሲሆን ተመልሶ እስኪያረጅ አብሮን ኖሯል፤ ስለ ጎጆው ግን አንድም ቀን ቃል አልወጣውም። «ያኔ ቋራ እያለሁ» ነው የሚለው። እኛም ቋራ እያልን ቀበርነው።

ያን ማታ ጭኑ ላይ ልቀመጥ ስል ወደ ደህናው አዛወረኝ። ትንፋሽ ሳልወስድ ሁሉንም ነገርኩት። ሽበቱ ጣት እንዳለው፣ ድንጋዮቹ እንደደሙ፣ አያ በላቸው እንዴት እንደሮጠ፣ እትየ ሸዋረግን ያዳንኳት እኔ እንደሆንኩ። አባየ በሕይወቱ ሰምቶት የማያውቅ ነገር እንደሚሰማ ሰው አፉን ከፍቶ ያዳምጠኛል።

«ከዚያስ?» ይለኛል።

እነግረዋለሁ።

«እህ፣ ከዚያስ፣ ልጀ?»

ደግሞ እነግረዋለሁ። ፍርስ ብሎ ሳቀ፤ ሲስቅ ያ ሳሉ ተነሳበትና እንባው ወረደ። ልጠርግለት እጄን ፊቱ ላይ፣ ቀጥሎ ራሱ ላይ አሳረፍኩ። ፀጉሩ እርጥብ ነበር።

«አባየ፣ ቋራ ዘነበ እንዴ?» አልኩት።

«አዎ፣ ልጀ» አለኝ። «መንገዱን ሙሉ ሲዘንብብኝ መጣሁ።»